አሮጌዋ የመስክ መኪና፦ ከእርሻ ማሳ ተወልዳ በመፍቻ የኖረች

የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የምሥረታ በዓላቸውን ሲያከብሩ ስለ አባላት ቁጥር፣ ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለ መጋዘን ግንባታና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይነገራል። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በንብረት መዝገብ ላይ በአንድ መስመር ብቻ ተጽፋ የምትታለፍ አንዲት አገልጋይ አለች። እርሷም አሮጌዋ የመስክ መኪና ናት። የአፈር ማዳበሪያ ናሙና፣ የምርጥ ዘር ከረጢት፣ የኦዲተር ሰነድ፣ የሥራ አመራር ኮሚቴ አባላት፣ አንዳንዴም በምጥ የተያዘች እናት ተጭነውባት ጭቃውንና ዳገቱን አልፋለች። አይሱዙው አስፋልቱ ካለቀበት ቦታ ላይ ሲመለስ እርሷ ጉዞዋን የምትጀምረው ከዚያ ነው።

ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤቶችና ዩኒየኖች ግቢ እንዲህ ያለች መኪና ጎማዋ ወልቆ፣ በድንጋይ ተደግፋ፣ ሣር በቅሎባት ትታያለች። ምክንያቱ ሲጠየቅ «አርጅታለች» የሚል መልስ ይሰጣል። ታሪኳን ለሚመረምር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህች ዓይነት መኪና ከመነሻው የተሠራችው ባለቤቷ በግቢው ውስጥ እየጠገነ ለረጅም ዘመን እንዲገለገልባት ነው። የቆመችበት ምክንያት ዕድሜ ነው ወይስ የሚንከባከባት ማጣቷ? ይህን ለመመለስ ታሪኳን ከመነሻው መመልከት ይጠቅማል።

ከጦር ሜዳ ወደ ማሳ

የመስክ መኪና ታሪክ የሚጀምረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 የአሜሪካ ጦር ቀላል፣ በአራቱም ጎማዎቿ የምትጎትትና በየትኛውም መሬት የምትሄድ መኪና እንድትሠራለት ጠየቀ። የመጀመሪያዋን ናሙና ባንታም የተባለ አነስተኛ ኩባንያ በ49 ቀናት ውስጥ ሠርቶ አቀረበ። በኋላም ዊሊስና ፎርድ ኩባንያዎች ጂፕ የተባለችውን መኪና በጦርነቱ ዘመን በድምሩ ከ600 ሺህ በላይ አመረቱ። ጂፕ በጦር ሜዳ በወታደሩ እጅ እንድትጠገን ታስባ ስለተሠራች አሠራሯ ቀላል ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙ ጂፖች በየአገሩ ቀርተው በርካሽ ተሸጡ። ከገዙት ሰዎች አንዱ የእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ ነው። ዊልክስ በዌልስ አንግልሲ በምትባል ደሴት የእርሻ መሬት ነበረው፤ በአሮጌ ጂፕም ይገለገል ነበር። ጂፗ ስታረጅ ምን እንደሚተካት ሲያስብ ኩባንያው ራሱ ለገበሬ የምትሆን መኪና ለምን አይሠራም የሚል ሐሳብ መጣለት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1948 ላንድሮቨር በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ቀረበች።

የላንድሮቨር አሠራር የዘመኑን ችግር ያሳያል። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ ብረት በኮታ ይታደል ስለነበር የመኪናዋ የውጭ አካል ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ውድ ማሽን እንዳያስፈልግም ላሜራው ጠፍጣፋና በቀላሉ የሚታጠፍ ሆነ። በሩ፣ ኮፋኖውና ፓራፋንጎው በቡሎን የታሰሩ በመሆናቸው በመፍቻ ብቻ ይወልቃሉ። ሞተሯ ባለ 1.6 ሊትር ቤንዚን ሲሆን ጉልበቱ 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር። ከሞተሩ ኃይል ወስዶ መውቂያንና የእንጨት መሰንጠቂያን የሚያንቀሳቅስ መሣሪያም ይገጠምላት ነበር። ስለዚህ ላንድሮቨር ስትወለድ ግማሽ መኪና ግማሽ ትራክተር ነበረች ማለት ይቻላል። ባትሪ ቢደክም እንኳ ማኖቬላ በሚባለው በእጅ በሚዞር ዘንግ ትነሣ ነበር።

ሌላዋ የመስክ መኪና በሩቅ ምሥራቅ ተወለደች። እ.ኤ.አ. በ1951 የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ በከባድ መኪና ሞተር የምትሠራ ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና ሠራ። በዚያው ዓመት የኩባንያው ነጂ በፉጂ ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ ነድቶ በመውጣት ብቃቷን አሳየ። ላንድክሩዘር የሚለው ስም የወጣላት እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ባለ 40 ቁጥሩ ላንድክሩዘር ከ1960 እስከ 1984 ተመረተ። የተካው ባለ 70 ቁጥሩ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን በ2024 እ.ኤ.አ. 40 ዓመት ሞልቶታል። የጥንቷ ላንድሮቨር ዘር የሆነችው ዲፌንደር ግን እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 2016 የመጨረሻዋ ከፋብሪካ ወጥታ ምርቷ አብቅቷል። እስከዚያው ድረስ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል።

መኪናና ግብርና በኢትዮጵያ

በአገራችን የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች አዲስ አበባ የገቡት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ መኪና ለግብርና ሥራ መዋል የጀመረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ በ1956 ደግሞ የዓለማያ ኮሌጅ ሥራ ጀመሩ። የዓለማያው ኮሌጅ በወቅቱ የነበረው ሙሉ ስም የእርሻና የሜካኒክ ጥበባት ኮሌጅ የሚል ነበር። እርሻና መፍቻ በአንድ ስም መጠራታቸው እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ገበሬውን ለመድረስ መንገድና ተሽከርካሪ፣ ተሽከርካሪውን ለማቆየት ደግሞ ሜካኒክ እንደሚያስፈልግ ታውቆ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በአርሲ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ተቋቋመ። በወላይታም ዋዱ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1970 ተከተለ። ከዚያም በ1971 እ.ኤ.አ. የተጀመረው አነስተኛ የእርሻ ልማት ፓኬጅ ማዳበሪያና ብድር የሚያዳርሰው በዋናነት ክረምት ከበጋ በሚያስኬዱ መንገዶች ግራና ቀኝ ለሚኖረው ገበሬ ነበር። ከመንገድ የራቀው ገበሬ ማዳበሪያ ለማየት ብዙ ዓመታት መጠበቅ ነበረበት። የመስክ መኪና ጥቅም በሚገባ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። መንገድ በሌለበት አካባቢ የልማት ሠራተኛውና ገበሬው የሚገናኙት በእግር፣ በበቅሎ ወይም በእርሷ ነው።

በ1991 ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ወጣ። ከዚያ በኋላ መሠረታዊ ማኅበራት ተሰባስበው ዩኒየን የሚያቋቁሙበት ሁኔታ ተስፋፋ። የገበሬው ማኅበር የራሱን ማዳበሪያ አስመጥቶ የራሱን እህልና ቡና ሸጦ ገበያ ውስጥ መግባት ሲጀምር ተሽከርካሪም አስፈለገው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከእርዳታ ድርጅቶች ዘመኗን ጨርሳ በጨረታ ወይም በስጦታ የምትወጣ የመስክ መኪናም ወደ ማኅበራት እጅ መግባት ጀመረች። እንግዲህ ብዙ ማኅበራት መኪናን የተዋወቁት አዲሷን በመግዛት ሳይሆን አሮጌዋን በመጠገን ነው።

ጋራዥ ያወረሰው ቋንቋ

የጥገና ሥራ በኢትዮጵያ እንዴት እንደተጀመረ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የሜካኒኩን አፍ ያዳምጥ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ላሜራ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. የገባው ወራሪ ጦር ብዙ የጭነት መኪናና ብዙ ጋራዥ ይዞ መጥቶ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላም አንዳንድ ጣሊያናውያን መካኒኮች በአገሪቱ ቀርተው ጋራዥ ከፍተው ሠርተዋል። በእነርሱ ሥር መሣሪያ እያቀበሉ፣ ክፍሎችን በናፍጣ እያጠቡ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ሙያውን ወርሰው ለተከታዩ ትውልድ አስተላለፉ። ወራሪው ሄደ፤ ሙያው ግን የአገሬው ሆኖ ቀረ።

የቃላቱ ትርጉም ራሱ ትምህርት አለው። ባሌስትራ በጣሊያንኛ በመሣሪያ የሚወጠር የቀስት ዓይነት ነው፤ የመኪናዋ ባሌስትራም እንደ ቀስት ተለምጦ ጭነት ይሸከማል። ካንዴላ ሻማ ማለት ነው። ኮፋኖ ሣጥን ነው። ከለመዳሪ «ካሜራ ዳሪያ» ከሚለው የመጣ ሲሆን የአየር ክፍል ማለት ነው። ሜካኒኮቻችን ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ በጥቁር ሰሌዳ ሳይሆን በዛፍ ጥላ ሥር፣ እነዚህን ቃላት ከነሥራቸው ተቀብለው አማርኛ አደረጓቸው። ሥልጠናው የሚካሄደው ረዳት በመሆን ነበር። ረዳቱ መጀመሪያ ጎማ ይፈታል፣ ቀጥሎ ዘይት ይቀይራል፣ ከዚያ ፍሬን ያስተካክላል። ሞተር እንዲነካ የሚፈቀድለት ከዓመታት በኋላ ነው።

በግቢ ውስጥ ምን ይሠራል?

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው አባባል ለሰውና ለከብት ብቻ የተነገረ አይደለም። አሮጌ የመስክ መኪና ብዙ ኤሌክትሮኒክስ የሌላት በመሆኗ አብዛኛው የጥንቃቄ ሥራ ክሪክ፣ የመፍቻ ስብስብ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና የግሪስ ፓምፕ ባለው በማንኛውም ግቢ ሊከናወን ይችላል። ነባር ነጂዎችና ሜካኒኮች ሲሠሩባቸው የኖሩት ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ አቧራ። የገጠር መንገድ አቧራ ሞተር ውስጥ ከገባ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይፈጫል። በጥንቶቹ ላንድሮቨሮችና ላንድክሩዘሮች የአየር ማጣሪያው ከሥሩ ዘይት የሚጠራቀምበት ሳህን አለው። በበጋ ይህን ሳህን በየጊዜው አውጥቶ ጭቃውን ማጠብና አዲስ ዘይት መሙላት ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። የሞተር ዘይትን በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር የተለመደ ነው፤ አቧራ በበዛበት አካባቢ ከዚያም ቢያንስ ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ ውኃ። በረጅም ጉዞ የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል። በውስጡ ያለው አየርም ስለሚኮማተር በጎማ ማኅተሙ በኩል ውኃ ይስባል። ወንዝ የሚያቋርጥ ነጂ በማግሥቱ የዲፈረንሻሉን ዘይት ማየት አለበት። ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ ሳይውል ሳያድር መቀየር አለበት። በናፍጣ ለሚሠሩትም በነዳጅ ማጣሪያው ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስ ፖምፓውን ከመበላሸት ያድናል።

ሦስተኛ፣ ሙቀት። በባሕር ወለል ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር በሆነ ደጋ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ውስጡን በግፊት በመያዝ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ በደጋ አገር የክዳኑ ጎማ መቀደድ ቀላል ነገር መስሎ ሞተር ያቃጥላል። ክዳኑን በየጊዜው ማየት፣ ቺንጋው አለመላላቱን በጣት ተጭኖ መፈተሽ ያስፈልጋል። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ክዳኑን መክፈት ግን ፊትና እጅን ያቃጥላልና ፈጽሞ አይደረግም።

አራተኛ፣ የአፈር ማዳበሪያ። ይህ የዩኒየን መኪናዎች ልዩ ችግር ነው። ከከረጢት የፈሰሰ ማዳበሪያ ከአየር ርጥበት ስቦ ይሟሟና ብረት ይበላል። የላንድሮቨር የውጭ አካል አሉሚኒየም በመሆኑ እንደ ብረት አይዝግም፤ ከሥር የሚሸከማት ሻንሲ ግን ብረት ነው፤ የሚዝገውም ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ ሳይታይ ይበሰብሳል። ስለዚህ ማዳበሪያ ከጫነች በኋላ መኪናዋን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም በንጹሕ ውኃ ማጠብና ማድረቅ ዕድሜዋን ያረዝማል።

አምስተኛ፣ የሚዞሩ ክፍሎች። የማስተላለፊያ ዘንጉ መጋጠሚያዎችና የባሌስትራ ፒኖች ግሪስ ይፈልጋሉ፤ ከጭቃና ከወንዝ በኋላ ደግሞ ይበልጥ። ከጉዞ መልስ የአራቱን ጎማዎች መሐል እጅን ቀርቦ በማሞቅ ማወዳደር የጥንት ነጂዎች ዘዴ ነው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ኩሽኔታው ተጎድቷል ወይም ፍሬኑ ይዟል። በደረቅ አስፋልት ላይ የፊቱን ዲፈረንሻል አስገብቶ መንዳትም ካምቢዮን ይጎዳል። ኃይሉ ለጭቃ፣ ለአሸዋና ለዳገት ነው።

በዚህ ሁሉ ሥራ ላይ ደኅንነት ይቅደም። በክሪክ ብቻ በተነሣች መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል። ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ፤ ከሻንሲው ሥርም ጠንካራ መደገፊያ ይግባ። የአሮጌ ፍሬን ሸራ አቧራ ለሳንባ አደገኛ የሆነ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በአፍ አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። የተቃጠለ ዘይት በማሳ ዳር፣ በጉድጓድ ውኃ አጠገብ ወይም በቦይ አይደፋ፤ በዕቃ ይጠራቀም። አፈርን እንንከባከብ የሚል ድርጅት በግቢው አፈር ሊመርዝ አይገባውም።

በግቢ የማይሠራም አለ። የፍሬን ሲሊንደር፣ የመሪ መጋጠሚያ፣ የነዳጅ ፖምፓ ማስተካከልና የሻንሲ ብየዳ ለሠለጠነ ሜካኒክ የሚተው ነው። ግቢ ውስጥ መጠገን ማለት ሁሉንም በራስ መሥራት ማለት አይደለም። ችግሩን በጊዜ አውቆ፣ ትንሹን በራስ ሠርቶ፣ ትልቁን ሳይባባስ ወደ ባለሙያ ማድረስ ማለት ነው።

ዛሬ ለምን አሳሳቢ ሆነ?

ያለፉት ዓመታት ሁኔታ ለጉዳዩ አዲስ ክብደት ሰጥቶታል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በዚህም የመለዋወጫና የጎማ ዋጋ ናረ። በእጅ ያለችው አሮጌ መኪና ትላንት ከነበራት ዋጋ ዛሬ የበለጠ ዋጋ አላት ማለት ነው።

በሌላ በኩል ሙያው እየሳሳ ነው። በማኖቬላ ሞተር ያስነሱ፣ ካርቡራተር ፈትተው በጆሮ ያስተካከሉ ሜካኒኮች አርጅተዋል። ወጣቱ ሜካኒክ በኮምፒውተር በሚመረመሩ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ይሠለጥናል፤ ይህም የሚደገፍ ነው። ነገር ግን አዛውንቱ የሚያውቁት በመጽሐፍ ያልተጻፈ ብዙ ነገር ከእነርሱ ጋር እየሄደ ነው። የመለዋወጫ እጥረት ካለው የሙያ እጥረት ይብሳል። መለዋወጫ በገንዘብ ይመጣል፤ የሠላሳ ዓመት ልምድ ግን ከሱቅ አይገዛም።

የጋራ ንብረት የመሆኗ ጉዳይም ሊነሣ ይገባል። የግል መኪና ባለቤት ድምፅዋ ሲለወጥ ይሰማል፤ ገንዘቡ ነውና። የማኅበር መኪና ግን ነጂዋ ሲቀያየር፣ ሊቀመንበሩ ሲቀያየር፣ ማን መቼ ዘይት እንደቀየረ የሚያውቅ ይጠፋል። ነጂው «ከእኔ በፊት የተበላሸ ነው» ይላል፤ ሂሳብ ክፍሉ ደረሰኝ ይጠይቃል፤ ኮሚቴው ውሳኔ እስኪሰጥ የማዳበሪያ ወቅት ያልፋል። ያኔ የሚደረገው ጥገና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ይሆናል። ጉዳቱም በመኪናዋ አይቆምም። ግብዓት በሰዓቱ ያልደረሰው አባል ዝናብ ያልፈዋል፤ ያለፈ ዝናብ ደግሞ በትርፍ ክፍፍል አይካስም።

መዝገቡን መክፈት

ለዚህ ሁሉ የመጀመሪያው መፍትሔ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ነው። ለእያንዳንዷ መኪና አንድ መዝገብ ተከፍቶ ዘይት የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የተገዛው መለዋወጫ፣ የታየው ብልሽትና የሠራው ሰው ስም ይጻፍበት። ነጂ ሲቀየር መኪናዋን የሚረከበው ከነመዝገቧ ይሁን። የቁጥጥር ኮሚቴውም የሂሳብ ሰነድ እንደሚያይ ሁሉ ይህንኑ ደብተር ይመልከት። በዓመቱ በጀት ላይ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ይያዝ። ከአባላት ልጆች መካከል አንድ ወይም ሁለት ወጣቶች በአካባቢው ባሉ ነባር ሜካኒኮች ሥር ረዳት ሆነው ቢማሩ ሙያው በአካባቢው ይቀራል፤ ለወጣቶቹም እንጀራ ይሆናል።

ለማጠቃለል፣ የመስክ መኪና ታሪክ ከአንግልሲ ማሳ እስከ ዩኒየን ግቢ አንድ ነገር ያስተምራል። የሠሯት ሰዎች ብረት አጥተው በአሉሚኒየም፣ ማሽን አጥተው በቡሎን ሠሯት፤ ሜካኒኮቻችን ደግሞ ትምህርት ቤት አጥተው በዛፍ ጥላ ሥር አቆዩዋት። በእነርሱ እጅ ችግር ለሥራ ምክንያት ሆነ እንጂ ለመቆም ሰበብ አልሆነም። በድንጋይ ላይ የቆመችው መኪና ሁሉ ትነሣለች ማለት አይቻልም፤ ሻንሲዋ የበሰበሰ፣ ሞተሯ ያለቀ አለች። ነገር ግን «አርጅታለች» ከመባሉ በፊት ኮፋኖዋ ይከፈት፣ ዘይቷ ይታይ፣ መዝገቧ ይጠየቅ። መዝገብ ከሌላት የቆመችው ከዕድሜዋ በፊት ሊሆን ይችላል። በመጪው የምሥረታ በዓል በንብረት ዝርዝሩ ላይ ያለችው ያቺ አንድ መስመር «ቆማለች» ሳይሆን «በአገልግሎት ላይ ናት» የሚል ይጻፍባት ዘንድ ሥራው ከዛሬ ይጀመር።